ማጥበቅና ማላላት

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል አሉኝ፤
«ድጋፍ አለ» ይላል፣ ሦስት ሰው አነበቡልኝ።
በጣቴ ዳበስሁት፤ ልሙጥ ነው፣ አይሻክር፣
የተነሣ ነጥብ የለው፣ ለእጅ የሚናገር።
ለዓይነ ስውር ቢሮ በዓይናማ ቀለም!
ሳቄን ዋጥ አድርጌ አንኳኳሁ፤ ማንም የለም።

«ቁልፉን የያዘው ሰው አዘዞ ወርዷል፣ ይመጣል።»
«ዕቃው ገብቷል፣ አለ፤ ሲመዘገብ ይወጣል።»
«ማክሰኞ ተመለስ።»
ማክሰኞ ተመለስሁ።
ከማራኪ ቁልቁል፣ ከፒያሳ ሽቅብ፣
ነጭ በትሬ የቦዩን ክዳን፣ የጎደለውን ድንጋይ
በቃሏ ይዛ ጠንቅቃ እስክታውቅ ድረስ
ስምንት ማክሰኞ ሄድሁ፣ ስምንቴም ባዶዬን ልመለስ።

የምፈልገው ተአምር አልነበረም፤ ማንበብ ነው።
ሦስተኛ ዓመት ሕግ ነኝ፤ ገጹ የትየለሌ፤
የማነበው በተውሶ ድምፅ ነው፣ ቀኑም ሌቱም ሁሌ።
አንጓች ዘመዴ አይደለችም፤
የወደቀ ስታይለሴን ከወንበር ሥር ፈልጋ
የሰጠችኝ ልጅ ናት፤ በዚያው ቀረች፣ በዚያ ዋጋ።
ቤተ መጻሕፍቱ «ዝም በይ!» ሲላት ደረጃው ላይ ተቀምጣ
አንቀጽ በአንቀጽ ታነብልኛለች፣ ጉሮሮዋ እስኪቆጣ።
እሷን ጉንፋን ከያዛት እኔን ፈተና ይጥለኛል፤
በእሷ ደረት የገባ ሳል እኔን ያመኛል።

የራሷን ደብተር ሌሊት እንደምታጠና
ያወቅሁት ኅዳር ላይ ነው፤ «ወራሹም እንደገና...»
ብላ ዝም ስትል። ጠበቅሁ። ትንፋሿ ረዘመ፤
መጽሐፉ ከጭኗ ወርዶ ደረጃው ላይ ተጋደመ።
አልቀሰቀስኋትም።
ያን ቀን ማሽን የተመኘሁት
ለዓይኔ አልነበረም፤
ለእሷ እንቅልፍ ነው።

በዘጠነኛው ማክሰኞ በሩ ተከፍቶ ቆየኝ።
ተዋቸው ይባላል፤ የክፍሉ ሰው አይደለም፣
ማተሚያ ሊጠግን መጥቶ ካርቶን ላይ ተቀምጧል።
«ምን ፈለግህ?» አለኝ። ነገርሁት።
ተነሣ፤ የካርቶኑን ጽሑፍ አነበበና ሳቀ፤
የፈለግሁት ሥሩ ነበር፣ ሁለት ዓመት ታሽጎ የወደቀ።
ፊርማው ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱን እዘለዋለሁ።

ማሽኑ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ አንቆረቆረው፤
የእኛ ፊደል ላይ ሲደርስ አፉን ያዘው፣ ዘለለው፤
ሁለት መቶ ገጽ ወንጀለኛ ሕግ ያለ አንዲት ትንፋሽ አለፈ።
ተዋቸው ሦስት ማታ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣
ከአራዳ ልጅ በፍላሽ አንድ የአማርኛ ድምፅ አመጣ፤
አፍንጫው የታፈነ፣ ሲናገር የሚሮጥ፣
የላላን ከጠበቀ ከቶ የማያማርጥ።

«እስቲ የበሩን ጽሑፍ» አልሁት። ጻፈው።
«ድጋፍ አለ»፤ ማሽኑ አላልቶ አነበበው፤
ድጋፍ እንደ ሰው ስም፤ አለ፦ ተናገረ።
ቅኔ ቤት ቢሆን ይሄኔ ከጉባኤው በተባረረ!
ስቀን ስናበቃ ግን ገባኝ፤ አልተሳሳተም፤
ስምንት ማክሰኞ ድጋፍ ሲባል ነበር እንጂ አልነበረም።
ተዋቸው ሊያርመው ቁልፉን ሲነካ
«ተወው» አልሁት።

አሁን እኔ ውርስን ሳጠና አንጓች ትተኛለች።
አንዳንዴ ግን ትመጣና አንዱን ማዳመጫ በጆሮዋ ሰክታ
«አጥብቀው እንጂ!» ትለዋለች ማሽኑን፣ ተቆጥታ።
ኮሪደሩ ላይ ዘገየ የሚባል ልጅ አለ፣
በእጁ የሚናገር፤ የእሱ ካርቶን የት እንዳለ
የሚያውቅ አልተገኘም፤ ለእሱ ገና ማክሰኞ ነው።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ።
ለእኔ ምኔም አይደል፤ ባትሪው እስኪያልቅ እሠራለሁ።
አንጓች በሩን ገፋ አድርጋ፣ በጨለማው፣
«ሰው አለ?» አለች።
«አለ» አልሁ፤
አጥብቄ።