ልክህን እወቅ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወገብ ስለካ፣ ጨርቅ ስቆርጥ፣
ሜትሬ ካንገቴ ወርዶ አያውቅም፤
የሰው ልክ አያመልጠኝም።

ደብተር አለኝ፣ ጠርዙ የመኪና ዘይት የጠጣ፣
ማን በየትኛው ዓመት ስንት ወገብ ይዞ እንደ መጣ።
አው ዚክሪ ሱቁን የከፈተ ለታ፣ ሰማንያ አራት።
ሴት ልጁን የዳረ ጊዜ፣ ዘጠና ሦስት።
ፔጆውን ሽጦ ሚኒባስ ሲገዛ፣ መቶ ስምንት።

በየኢዱ ሱሪውን ያመጣል፤ "አስፋልኝ" ይለኛል፤
"ተመችቶሃል!" እለዋለሁ፤ ይስቃል፤ ይከፍለኛል።
እኔም የጎኑን ስፌት ፈታሁ፣ ትርፉን ጨርቅ ለቀቅሁ፤
በረከት መሰለኝ፤ በረከት ብዬ ጻፍሁ።

አምና ሱሪው ብቻውን መጣ፣ በልጁ እጅ፣ በፌስታል፤
"አባቴ የግራውን እግር ከጉልበት በላይ እጠፍልኝ ብሎሃል።"
ጠየቅሁት። "ስኳር" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረ።
ሲንጀሬም ያን ቀን ክር እየበጠሰ አስቸገረ።

ዘንድሮ ሂንዲያ የምትባል ነርስ ከጤና ጣቢያ መጣች፤
ሚዛን አልያዘችም፤ "እስቲ ክር ቁረጥልኝ" አለች።
ካናቴ እስከ ተረከዜ አቁማ ለካችኝ፤
ያንኑ ክር ለሁለት አጥፋ በወገቤ አዞረችብኝ።
ጫፍ ከጫፍ ሳይገናኝ እምብርቴ ላይ ቀረ፤
አራት ጣት ጎደለ። ሳቄ እዚያው ተቋጠረ።

ክንዴን በጨርቅ ጠቀለለች፤ ጨርቁ ተነፋ፣ ጠበቀ፤
ቁጥሩን ስትጽፍ ፊቷ ከፊቴ ራቀ።
ጣቴን ወጋች። ይህችን ጣት መርፌ ሺህ ጊዜ ወግቷታል፤
ስንት ደም በቁራጭ ጨርቅ ጠረግሁ! ማን አንብቦታል?
"ታመሃል አልልም" አለች፣ "ግን መንገዱ ላይ ነህ፤
ነገ ቁርስ ሳትቀምስ ጤና ጣቢያ ና፣ አው ፈቲህ።"

"ልክህን እወቅ" ሲባል ጠብ ይመስለኝ ነበረ።
ይኸው ከሱቄ በር፣ ከሚስማሩ ላይ፣ የክር ጥቅል አደረ።
ሱሪ ሊያሰፋ የሚመጣ መጀመሪያ ይቆምልኛል፤
ቁመቱን ቆርጬ አጥፌ አዞራለሁ፤ አንዳንዱ ይቆጣኛል።
ክሩ ከደረሰ መቀሴን አነሣለሁ፤
ካልደረሰ ሒሳብ አልቀበልም፤
መለካቱን እለካለሁ፣
ከዚያ ወደ ሂንዲያ እልካለሁ።

ትናንት አው ዚክሪ በምርኩዝ መጣ። ክሩን ዳሰሰ፤ ዝም አለ።
"ያኔ የት ነበር?" አላለኝም።
ዐይኑ ግን አለ።