ከቃለ ጉባኤው የቀረ

ቃለ ጉባኤውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣
የመጡትን፣ የቀሩትን፣ ስም በስም ያሰፈርኩት።
አጀንዳ አንድ፦ ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ።
አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ትኬት ቆራጭ፣ ካርድ ሲመጣ የት ይድረስ?
አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ።
መዝገቡ ላይ የሌለውን እስቲ ደግሞ እዚህ እዩ።

ሞንቴቪዴዮ፣ ሐምሌ፤ ብርዱ አጥንት የሚገባው፣
ባሕር ያህል የሰፋው ወንዝ ነፋሱን ወደ ከተማ የሚነዳው።
ከጋራዡ በላይ፣ ናፍጣ በሸተተ ክፍል፣
ሠራተኛ ማኅበሩ በመስኮቱ፣ ኩባንያው በበሩ በኩል።
በመሃል ጠረጴዛ፤ በጠረጴዛው መሃል ስንጥቅ፤
አሥራ አንደኛ ቀናችን፣ ማንም የማንን ደኅንነት ሳይጠይቅ።

ኔልባ ቤንታንኮር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ትኬት የቆረጠች፣
ሳንቲም ቆጥራ ቆጥራ አውራ ጣቷን ያጠቆረች፣
"ጭሱ ቢቀር ደስታዬ ነው፣ ሳንባዬ ነው ምስክሬ፤
ግን ከጭሱ ጋራ ልወርድ ነው ወይ እኔስ ከወንበሬ?"

ሥራ አስኪያጁ ሳራሶላ ወረቀቱን ገልብጦ፣
"ቁጥሩ ይህ ነው" ይላል፣ ከመነጽሩ በላይ አፍጥጦ።
"ተሳፋሪ ቀነሰ፤ ባትሪው ውድ ነው፤ ባንኩም አይጠብቅም፤
የሌሊቱን መስመር ካልዘጋን ዓመቱን አንዘልቅም።"

ማቴ ይሉታል፦ መራራ ቅጠል፣ ሙቅ ውኃ፣ የብረት ቀሰም፤
በዚያ አገር ቅሉ ሲዞር አፉን ልጥረገው የሚል የለም።
አንዱ የሳበውን ሌላው ይስባል፣ ባላንጣም ቢሆን ከጎኑ፤
አሥራ አንድ ቀን ግን ከመስኮቱ ወገን አላለፈም ኪዳኑ።

ያን ማታ መብራት ሄደ።
ማሞቂያው ጠፋ፤ የሳራሶላ እጅ ተንቀጠቀጠ፤
በጨለማው አንድ ቅል፣ ስንጥቁን ተሻግሮ፣ ወደ በሩ ተሰጠ።
"ጠጣ" አለችው፣ "ውል አይደለም፣ ውኃ ነው።"
ጠጣ፤ ቀሰሙ ባዶ አየር ሲስብ ነው የሰማነው።

"ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል" ይባላል፤ ሲሰብር አላየሁም፤
ድንጋዩ ፈቀቅ ሲል ግን አይቻለሁ፣ አልዋሽም።

"የምትዘጋውን የሌሊት መስመር ተሳፍረኸው ታውቃለህ?" አለችው።
"በወረቀት።"
"ወረቀት ላይ አይዘንብም፤ ተነሥና ቅመሰው።"

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ የመጨረሻው አውቶቡስ፣
ሽማግሌ ሞተሩ ዳገት ላይ ሲያቃስት፣ ሲተነፍስ።
አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ቅንድቡ ላይ የትናንት ዱቄት፤
የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ ጫማዋ በእጇ፣ እግሯ ያበጠባት፤
ሁለት ተማሪዎች፤ አንድ አዛውንት፣ አገጩ ደረቱ ላይ የወደቀ፤
ዊልማር፣ ወጣቱ ቆራጭ፣ "ደረስን" ብሎ ቀሰቀሰው፤ እስኪወርድ ጠበቀ።

ማሽን ካርድ ያነባል፤ የሰው እንቅልፍ አያነብም።
ኔልባ ይህን አላለችም፤ ብትለው ኖሮ አያምርም።

ሳራሶላ በጣቱ ቆጠረ፤ "አምስት ሰው ባትሪ አይገዛም" አለ በዝግታ።
"እውነት ነው" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ሙግት፣ ያለ ይሉኝታ።
መስታወቱ ጉም ለብሶ ነበር። ጉሙ ላይ በጣቱ ደመረ፤
እሷ አንዱን አሃዝ በመዳፏ ጠረገች፣ ሌላ ጻፈች፤ እሱም አልተከራከረ።
በጠረገችው ክብ ውስጥ
ከተማይቱ እርጥብ ሆና ታየች፣ መብራቷ ገና ሳይመለስ።

በሳምንቱ ተፈረመ። መስመሩ በትንሽ መኪና ይቀጥላል፤
ቆራጩ ኃይል መሙላቱን፣ ጥገናውን፣ በኩባንያው ወጪ ይማራል፤
ሁለት ዓመት ማንም አይሰናበትም፤ ማኅበሩም በበኩሉ
የትርፍ ሰዓት ጥያቄውን አሳደረ።
ግማሹ አባል "ሸጠችን" አለ፤ የቀሩት ዝም አሉ።
ኔልባ ብዕሩን ስትመልስ "ፊርማ አውቶቡስ አይደለም" አለች፣
"ፌርማታው ላይ ቆሜ አየዋለሁ"፤ ኮቷን ቆልፋ ወጣች።

እኔ የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት ቃል፦
"በአሥራ አንደኛው ቀን ስብሰባው፣ በመብራት መጥፋት ምክንያት፣
ለሦስት ሰዓት ተቋርጧል።"