ጉሙ እስኪገለጥ

ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣
በሐምሌ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ደቅነንበት፣
እኔና ይታይሽ አንድ ጉማሬ ሣልን፣
ጤና ቢሮ በጣለው ቅጽ ጀርባ፣ እርሳስ እየቀረጽን።
ስሙ አያ ዘገየ። ከደንገሉ ወጥቶ
አንዴ እስኪያዛጋ ድረስ ሃያ ቅጽ ተበልቶ፣
እኛ እራት ሳንበላ ሌሊቱ ተገፍቶ።

ድምፁን የሰጠልን አዝመራው ነበረ፣
የጀልባ ሞተር ሲጠግን በናፍጣ ጉሮሮው የሻከረ።
«ቀረጻ ነው» ስንለው እጁን በጋዝ ታጥቦ
ብርድ ልብስ ከሰቀልንበት ጓዳ ይገባል፣ ዱካ ስቦ።
«ልጆች፣» ይላል፣ «ውኃ አይቸኩልም።»
ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን ያቆማል። ግቢው ዝም።

አሥራ ሦስት ቅዳሜ ታየ። ከዚያ ቀረ።
ለምን ቀረ ያለ የለም። አዝመራውም ሞተ፤ ካሴቱ ሣጥን ውስጥ አደረ።

ዘንድሮ ሁለት ወጣቶች ሐይቁ ዳር ሆቴል ቀጠሩኝ፣
አሣ ጥብስ አዘው፣ ላፕቶፕ ከፍተው፣ «ጋሼ» እያሉ አከበሩኝ።
«አያ ዘገየን እናስነሣው!
ስሙን የሚያስታውስ ወላጅ ሞልቷል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፣ እናፍጥነው።
ይዝለል፣ ይደንስ፣ መነጽር ይልበስ፣
በየሦስት ሰከንዱ አንድ ነገር ይፍረስ።
ደግሞ ሮዝ ይሁን፤ የሕፃን ዐይን ከሮዝ አይነቀልም፣
ተጠንቷል።» እኔ ሮዝ ጉማሬ በጣና አይቼ አላውቅም።
ባጃጅ የምትነዳ ዶሮ አሳዩኝ፤ እየጮኸች ትከንፋለች።
«ስምንት ሚሊዮን ሰው አያት» አሉኝ። እውነትም ስምንት ሚሊዮን አላት፣ ትላለች።
«የአዝመራውስ ድምፅ?» ስላቸው፣ «ኮምፒዩተር ይሠራዋል፣
አሥር ደቂቃ ቅጂ ካለ ይበቃዋል።»
ከደጅ አንድ የዘጌ ጀልባ አልነሣ ብሎ ያስላል።
ማስነሣትስ እሱ ያውቅ ነበር፤ ገመዱን አንዴ ብቻ ስቦ።

ይታይሽ ጋ ደወልኩ፤ ዳንግላ ሒሳብ ታስተምራለች።
«ሮዝ?» አለች።
ቆየች።
«ገንዘቡ ስንት ነው?» አለች።

እውነቱን ልናገር፦ ካሴቱን አውጥቼ ሳየው
በልቤ ያኖርኩት አይደለም። ቀለሙ ፈስሷል። አያ ዘገየ
በአራት ጣት ከውኃ ወጥቶ በአምስት ጣት መሬት ላይ ታየ።
ምክሩም በዝቷል፤ አንዳንዱ ክፍል የቀበሌ ስብሰባ ነው።
ትዝታ ጎበዝ ሠዓሊ ነው፤ ትርፉን ጣት ላጲስ ያዞርበታል፣
እኛ ያላየነውን።

ዶሮዋንም ከእህቴ ልጅ ጋር አየሁ። ኤልዳና ሳቀች፤
የውሸት አይደለም፣ ሆዷን ይዛ፣ ወተቷን አፍስሳ።
እኔንም አንዴ አመለጠኝ፣ ባጃጇ ከጉድጓድ ስትነሣ።

ከዚያ ስምንተኛውን ክፍል ከፈትኩላት።
ማለዳ ነው። አያ ዘገየ ከታንኳው አጠገብ
ጉሙ እስኪገለጥ ይጠብቃል።
ይጠብቃል።
ውኃው አንዴ፣ ጠብ።

«ተቋረጠ?» አለች። «ኔትወርክ ነው?»
ጣቷ ወደ መስታወቱ ሄደ።
«አይደለም» አልኳት። «ጉም ነው።»
ጣቷ አየር ላይ ዘገየ።
«ማንን ነው የሚጠብቀው?»
ልመልስ ስል አዝመራው ተነፈሰ፣
ከዚያ ብርድ ልብስ ሥር፣ ከሃያ ዓመት ወዲያ፣
አንዲት ረጅም፣ ናፍጣ ናፍጣ የምትል ትንፋሽ።
አፏን ከፍታ ሰማችው።
ጉሙ ሳይገለጥ ግን «ዶሮዋን አምጣልኝ» አለች።
አመጣሁላት።

ማታ ስልኬ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ወሰኑ?»
ውሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሰባት ገጽ፣ ወፍራም ወረቀት።
አልፈረምኩም። አልቀደድኩትም።
ገለበጥኩት፤ ጀርባው ባዶ ነው፣ ንጹሕ፣
ያኔ ብናገኘው ኖሮ ስንት ርምጃ ይወጣው ነበር።
እርሳስ ቀረጽኩ።
አንድ እግር።
ጣቱን ቆጠርኩ፤ አራት።