በር ቁጥር አራት

ከተማው ሊያጌጥ ነው፣ እንግዳ ሊመጣ፤
ጌጤን ጭኖ ሄደ፣ አንድ ታርጋ ያጣ
አይሱዙ።

እኔ ቲኬት ቆራጭ፣ በር ቁጥር አራት፤
የቆሎ ጣሳዋን አስቀመጥኩላት
ከወንበሬ ሥር።

ከስታዲየም ለገሃር ቆርቆሮ ተተክሏል፤
አረንጓዴ ቀለሙ ልብስ ላይ ይለጠፋል፣
ገና አልደረቀም።
የፌዴሬሽኑ ሰው ደገፍ ቢል፣ ክርኑ
አረንጓዴ ሆነ።
«ከጀርባው ምንድን ነው?»
«ጋራዥ ነው» አሉት።
ሳቀ። በመሐረብ ጠራረገና አለፈ።

ማታ ማታ አለቃዬ «ስንት ገባ?» ይለኛል፤
ስንት ተወሰደ የሚል ማን ይገኛል?

ጎል ሲሆን፣
ሲሚንቶው በጩኸት ሲናወጥ፣
ጣሳው ውስጥ የቀረች ጥቂት ቆሎ
ስትንኳኳ
እሰማታለሁ።