ባዶ

ሰኞ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት በፊት፣
ሰኔ ሲገባ፣ ሰማዩ ሲያጠቁር ፊት፣
ቅጹን እዘረጋለሁ ጠረጴዛዬ ላይ፣
በሳምንቱ ምን እንዳለን፣ ምን እንደሌለን ላይ።
ኮሌራ — ባዶ።
ኩፍኝ — ባዶ።
ማጅራት ገትር — ባዶ።
ስልኩ ያቃጭላል፤ ክፍለ ከተማ ነው፣ አዲስ የገባ ልጅ፤
«ከየት ነሽ?» ይለኛል።
«ከአባዶ።»
«ኧረ ቁጥሩን አይደለም፣ ሰፈሩን ንገሪኝ!»
«ሰፈሩን ነው ወንድሜ፤ ቁጥሩም ያው ነው፣ በል መዝግብልኝ።»

ይህች ባዶ ግን እንዲሁ አልተገኘችም፤
እንደ ካፊያ ከሰማይ አልወረደችም።
ግንበኞች ጥለውት በሄዱት ኮንቴይነር ውስጥ ነው ሥሯ፣
ከታሸገ ክሎሪን፣ ከባልዲ፣ ከጓንት ነው አፈሯ።
ቦት ጫማው ሁሉ አርባ ሦስት ቁጥር፤ ማን እንደገዛው እንጃ፤
የሸራ አልጋው መሐሉ ቀዳዳ፣ ለፈሳሽ ማስወገጃ።
ሕይወት አድን ዱቄት ስምንት ካርቶን ነበር፤ ሁለቱን አይጥ በልቶ፣
«ስድስት» ብዬ ጻፍኩ፣ ለአይጥ የሚሆን ዓምድ ከቅጹ ላይ ጠፍቶ።

ግንቦት ላይ ተለማመድን።
በሽተኛ ታጣ ከሠራተኛው መሐል፤
ጥበቃው ጋሽ ሽብሩ፣ «እኔ አለሁ» አሉ፣ «መታመም ምን ይከብዳል?»
ብሎክ ሁለት መቶ አራት፣ አራተኛ ፎቅ ወጥተው ተኙ፤
አምቡላንሱ ጠፋ፤ የግራው ብሎክ ነው እንዴ፣ ወይስ የቀኙ?
ሃምሳ አንድ ደቂቃ! ገመቹ ከመሪው ወርዶ እየማለ፦
«ሁለት መቶ ሦስት አለ፣ ሁለት መቶ አምስት አለ፤
አራትን ግን መሬት ውጣታለች!»
ቃሬዛው በደረጃው መታጠፊያ አልዞር አለ፤
በፕላስቲክ ወንበር አወረድናቸው እንደ ሙሽራ፣
ልጆች እያጨበጨቡ በቀኝም በግራ።
እሳቸው ዓይናቸውን አልገለጡም።

በኋላ ሻይ ስንጠጣ፣ «አሳምረው ታመሙ» አልኳቸው።
«አይቼ ነው» አሉ።
ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳቸው።
ብርጭቋቸውን አለቀለቁ፤ ደግመው አለቀለቁ።

ከዚያ ወዲህ ኡርጌ ቀይ ቀለም ይዛ ብሎኩን ሁሉ ዞረች፣
የሰው ቁመት የሚያህል ቁጥር በየግንቡ ጻፈች።
የነዋሪው ኮሚቴ «ግንቡን አበላሸች» ብሎ ከሰሳት፤
ክሱ ፋይሌ ውስጥ አለ፣ ከነማኅተሙ።

ነሐሴ አጋማሽ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ስልክ፤ ኡርጌ ነበረች፦
«ሦስት ሰው። ከወንዙ ማዶ፣ የቀን ሠራተኞቹ ካምፕ።
ውኃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነው» አለች።
ስደርስ ኮንቴይነሩ ተከፍቷል፤
ጋሽ ሽብሩ በአርባ ሦስት ቁጥር ቦት ጫማ፣
ባልዲ እንደ ቆብ ደፍተው ቆመዋል በዝናቡ ጨለማ።
ገመቹ ሞተር አስነስቷል። «የት ነው?» አላለም።
ድንኳኑን ጭቃ ላይ ተከልን፤ እጃችን ካስማውን አልረሳም።
ሲነጋ ስምንት ሰው። ረፋዱ ላይ አሥራ አንድ።
ናሙናው ሄደ፤
እንቅልፍ እንደ ዕዳ ተጠራቀመብን ሁለት ቀን።

ውጤቱ መጣ፦ ኮሌራ አይደለም፤
ከጋራ ድስት ያደረ ሩዝ ነው። የሞተም የለም።
«ታዲያ ለሩዝ ነው ይህ ሁሉ ነዳጅ?» አሉ የበጀቱ ኃላፊ።
መልስ ነበረኝ፤ ግን ስብሰባው አልቆ ወንበር ይሰበሰብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት።
ኮሌራ —
እጄ ትንሽ ቆየ።
ባዶ።
ክቧን ስገጥማት፣ ጫፏን ከጫፏ፣
ጉድጓድ የምከድን መሰለኝ።

ድንኳኑ እስከዛሬ እርጥብ ነው፤ ፀሐይ የለም፤
«ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል» ብለው
ጋሽ ሽብሩ ኮሪደሩ ላይ ሰቅለውታል።
ባለጉዳይ ሁሉ ጎንበስ ብሎ በሥሩ ያልፋል፣
ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፦
«ማን ሞቶ ነው?»
«ማንም» ይላሉ።