ሐረጎ ይፍረድ

ከኮምቦልቻ መውጫ ላይ፣ ከጨርቃ ጨርቁ አጥር ሥር፣
ጋሽ እብሬ ጠበቁኝ
ቬስፓዋን ደገፍ ብለው፣ እንደ ነባር አጋር።
ቀለሟ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ጎኗ የዛገ፣
ወንበሯ በድንኳን ሸራ ወገቡን ያደገደገ።

«አብሽሪ ሲስተር» አሉኝ፣ «እቺ ሰው አታስቀይም፣
ከእኔ በቀር ጋላቢ፣ ከእኔ በቀር ባል አታውቅም።»

እኔ ግን አዋላጅ ነኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» ሲሉኝ ሰምቼ፣
ደም ሲፈሳቸው ያደሩ ስንት ሴቶች አይቼ፣
አፍ የሚለውን ትቼ
እጄን ማመን ለምጃለሁ።

ሰደድኩት ወደ ሞተሩ፣ ሆዷ ላይ አሳረፍኩት።
ሞቋል።

ሙሄ መካኒኩ ትናንት፣ እጁን በጋዝ እየታጠበ፣
«ሞቃ ከጠበቀችሽ» ብሎኛል፣ «ሰውየው አንድ ነገር አሰበ።
ብርድ ላይ እምቢ የምትለውን ጎህ ሳይቀድ አስነስቶ፣
እንደ ሙሽራ ኩሎ ነው የሚያሳይሽ አውጥቶ።»

«ጋሽ እብሬ፣ ሞተሩ ሞቋል።»
ዝም አሉ። ፎጣቸውን ከትከሻ ወደ አንገት አዞሩት።
«ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ፣ እስከ መቃብሩ ነዳኋት፤
ዘሀራን አንድ ጊዜ በዚህችው ድምፅ ላሰናብታት።
ከሩቅ ታውቀው ነበር።»

እውነት ይሁን ወይ ሰበብ፣ ፊታቸው ላይ ፈለግሁት።
የሰው ፊት ካንዴላ አይደል፣ ነቅለው ጥቀርሻ አያዩበት።

«ትደር» አልኩ። «ብርድ ላይ ትደር።»
ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ አቃሰቱ፣
ካንዴላዋን ፈተው መዳፌ ላይ አኖሩ።
«እንግዲህ ልቧ አንቺ ጋ ይደር።»

አደረ። በጋዋኔ ኪስ፣ ከመቀስና ክር ጋር።
ሌሊቱን ሁለት አዋለድኩ፣ አንዱ እግሩ ቀድሞ ነበር።

ጠዋት የኅዳር ጤዛ ወንበሩ ላይ ቆሟል፣
ሆዷ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።
ካንዴላውን መለስኩና ረገጥኩ።
ዝም።
ሁለት። ዝም። ሦስት ላይ አስነጠሳት።
አራት።
አምስት ላይ ጋሽ እብሬ ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ።
ስድስት ላይ ያን ዝምታ አወቅሁት፤
ልጁ ወጥቶ ሳያለቅስ፣ ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን የሚይዝበት።
ሰባት ላይ ጮኸች።
ሰማያዊ ጭስ አጥሩን ዘሎ
ፋብሪካ የሚገቡትን ሴቶች ነጠላ አስሸፈነ።

«ሰባት ናት» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።
«ክረምት ዘጠኝም ትሆናለች። ትናንት አፍሬ ነው።»
«መቃብሩስ?»
«እሱም እውነት ነው። ሁለቱም።»

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነበር።
የሊብሬው ቁጥርና የሻንሲው ተስማሙ፣
አንዷ ሦስት ብቻ ደብዝዛ ስምንት መስላለች።
ፍሬኑ ይይዛል፣ ካሰበበት በኋላ።
የእግር ምንጣፉን ገልጬ አውራ ጣቴ ሾለከ፣
ከሥሩ አስፋልት አየሁ።
«ለዚህስ ስንት ይቀነስ?»
«እሱ እንኳ ለነፋስ ነው» አሉኝ፤ ሳቅ አመለጠኝ።

የቀረው ዳገቱ ነው። ሐረጎ ይፍረድ አልን።
ከኋላዬ ተቀመጡ፤ በገዛ ቬስፓቸው
እንግዳ ሆነው አያውቁም፣ እጃቸውን የት እንደሚያኖሩ ጠፋቸው።
አንደኛው ጠመዝማዛ፣ ሁለተኛው፣
ከበስተኋላ አይሱዙ ጥሩንባውን ይነፋል፣
ሦስተኛው ላይ ትንፋሿ አጠረ፤
ሳልጠይቃቸው ወረዱ።
ቀለለች። ወጣች።

በመስታወቱ አየኋቸው፣ ፎጣቸውን እያውለበለቡ፣
እያነሱ፣ እያነሱ።
«ሂጂ» ይሁን «መልሺ»
ከዚያ ርቀት አይለይም፤ ጭሷም መሃል ገባ።
በሁለተኛ ማርሽ ቀጠልኩ።
ብሩ ገና ኪሴ ውስጥ ነው፣ ካንዴላው ባደረበት።