እንኳን ደህና መጣህ፣ ኦታር

ሦስት ቀን ዘነበ፤ ኩታይሲ ራሰች።
ማቅቫላ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ ከአውቶቡስ ወረደች።
ሊፍቱ በሳንቲም ነው፤ ሳንቲም አልነበራት፤
አምስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃው ቆጠራት።

ጠረጴዛው ጠባብ ነው፣ በደረሰኝ ሞልቷል፤
የወይን አምራቾች ማኅበር ሒሳብ እሷ ላይ ወድቋል።
መነጽሯን በገመድ ከአንገቷ አንጠልጥላ፣
ፕላስቲኩን ላጠች እንደ ሽንኩርት ገላ።

ማሽኑ ገና ሳይነካ ባለዕዳ ነበረ፦
ያልጠየቀችው ጨዋታ፣ ያልለመነችው ማስታወቂያ ታጭቆበት ኖረ፤
ሳትከፍተው ጀምሮ «ግዢኝ» የሚል ጸረ-ቫይረስ፣
ሠላሳ ቀን ቆጥሮ እንደ አራጣ አበዳሪ በር ላይ የሚደርስ።

«አጥፊው» አላት ሬዚ፣ የጎረቤት ልጅ፣
«ከሥሩ ንቀዪው፤ ንጹሕ ጭነት ነው የሚበጅ።»
ፍላሽ ሰጣት፣ ትንሽ፣ ጥፍር የምታህል፣
ወረቀት ተለጥፎባት «እንዳትጠፊ» የሚል።

ማብሪያውን ነክታ ኤፍ-አሥራ ሁለትን ደበደበች፤
አንዴ ዘገየች፤ ሁለቴ ዘገየች፤
በሦስተኛው፣ ጣቷን ሲያልባት፣
ጥቁሩ መስኮት ፊደል አወጣላት።

መጀመሪያ ቋንቋ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ወደ ታች ወረደች፤
የራሷን ጽሕፈት፣ ያን ክብ ክቡን፣ የወይን ሐረግ የመሰለውን አየች፤
እንግዳ በሞላበት ሠርግ የሰፈሯን ሰው እንዳገኘች
«አንተም አለህ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ፦ «ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል።
መመለሻ የለውም። ይቁም? ወይስ ይቀጥላል?»

እጇ ቆመ።

ምን አላት እዚያ ውስጥ? የእሷ ያልሆነ ዕቃ፣
ገና ዛሬ የወጣ፣ ገና ዛሬ የነቃ፤
ሆኖም «ሁሉ» የሚለው ቃል፣ ብቻውን ሲነበብ፣
የሌለ ሀብት ያስቆጥረዋል የማንንም ልብ።

ዞር ብላ አሮጌውን አየች፣ መስኮት ሥር ያለውን፣
ማጠፊያው ላልቶ በፕላስተር ያሰረችውን፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው ሲበራ፣
«እንኳን ደህና መጣህ፣ ኦታር» እያለ የሚጣራ።

ኦታር አልሞተም። ባቱሚ ነው ያለው፤
ሌላ ሴት አግብቶ፣ ጎማ ቤት ከፍቶ ነው የሚኖረው።
የሄደ ዕለት ልብሱን ሰበሰበ፣ ቁልፉን፣ የዓሣ መንጠቆውንም አነሣ፤
ስሙን ብቻ ረሳ።

እሷም አልቀየረችው። መጀመሪያ በንዴት፣
ኋላ በስንፍና፣ ኋላም ያለ ምክንያት።
ሐሙስ ሐሙስ ሒሳብ ልትሠራ ስትገባ፣ «ኦታር» ተብላ፣
እንደ ወኪል ፈራሚ፣ በዝምታ ተቀብላ።

(በነሱ ቋንቋ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ናት፤
ሰዋስው አልበደላት፤
ስሙ ነው እንጂ። እኛ ብንሆን
የ«መጣህ»ዋ «ህ» ትቆረቁረን ነበር፣ ገና ሳናነብ ስሙን።)

«ይቀጥል» የሚለውን ተጫነች።

ሰማያዊው መስመር መሳብ ጀመረ፤
ሦስት በመቶ… አሥራ አንድ… አርባ ላይ ሲደርስ ተገተረ።
ምድጃው ላይ ባቄላው ተንተከተከ፤
ሬዚ ደወለ፣ «እንዳትነኪው» ብሎ ሰበከ።
አልነካችውም። ከባቄላው ቀምሳ ጨው ጨመረች፤
አርባ አንድ ሲሆን በማንኪያዋ ጠረጴዛውን መታ፣ «በርታ» አለች።

ጠፍቶ በራ።
ባዶ ሣጥን አወጣ፣ «ስም» ብሎ ከበላይ፤
ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ።
ማቅቫላ ጻፈች። አጠፋች። የአባቷን ስም ጨምራ
ረዘመባት። አጠፋች። የማኅበሩን ማኅተም ቃል በቃል ሞክራ
ተወችው። በመጨረሻ፦ «ወይዘሮ ማቅቫላ»፤
ማዕረግ ማንም አላዘዛት፣ ሰላምታ ከሆነ አይቀር በወጉ ይሁን ብላ።

ማታ ሒሳቡን ልትቀዳ አሮጌውን አበራች።
ትንፋሹ እስኪመለስ ባቄላዋን በላች።
«እንኳን ደህና መጣህ፣ ኦታር» አለ፣ እንዳመሉ።

«አልመጣም» አለችው፣ ፍላሹን እየሰካች፣
«ባቱሚ ነው። የያዝከውን ስጠኝና ተኛ።»